ለአስተማሪዋ የተረጎምኩት

እዚህ ቴክሳስ ከአስራ አንድ ወር ሲኦል በኋላ አንድ ቀን ድንገት ይበርዳል። ያን ቀን ዋይሊ ባለው ቤቴ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ ሂተሩን አስነሳለሁ፤ ወዲያው ቤቱን አንድ ሽታ ይሞላዋል። የተቃጠለ አቧራ ሽታ። ሰመሩን ሙሉ፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ፣ የሂተሩ ቱቦ ውስጥ ተኝቶ የከረመው አቧራ ነው የሚጠበሰው። ባሌ "ቤቱ ነደደ!" እያለ መስኮት ይከፍታል፤ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ግን የቱቦው አፍ ሥር ቆሜ እንደ እብድ እምገዋለሁ። "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ "ሽቶ ነው፣ ከፓሪስ ያስመጣሁት" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔን ቁም ነገር መጠየቅ ከተዉ ቆይተዋል።

ሽታው የታናሽ እህቴ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ካሮልተን አንድ ባለሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ አስራ አራት ዓመቴ፣ እሷ አስር። ከግቢው ጀርባ፣ ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ ሰዎች ቤት ሲለቁ የማይፈልጉትን ዕቃ ጥለው ይሄዱ ነበር፤ ቴሌቪዥን፣ ቪሲአር፣ ቴፕ፣ የፀጉር ማድረቂያ። እህቴ ያንን እየጎተተች ታመጣና ሳሎኑ መሃል ጋዜጣ አንጥፋ፣ በርከክ ብላ ትፈታዋለች። ብሎኖቹን በቡና ሲኒ ሰሃን ላይ በተራ ትደረድራቸዋለች። መልሳ ስትገጥመው ሶኬት ላይ ትሰካዋለች። መጀመሪያ ያ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ትንሽ ቀይ መብራት። ከዚያ ድምፅ። ድምፁ ሲመጣ አትጮኽም፣ አታጨበጭብም፤ የከንፈሯን ጥግ ነከስ ታደርጋለች። ፌሽታዋ ያ ነበር።

እኔ ጨምሬ የምናገር ሰው ነኝ፣ ይሄን ግን እመኑኝ፦ ከካሮልተን እስከ ፎርት ዎርዝ ድረስ የተበላሸ ነገር ጠፍቶ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ቪሲአራቸውን እንደ ታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልለው "ዶክተሯ አለች?" እያሉ በር ያንኳኩ ነበር።

አባዬ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልስ ሸትል ይነዳ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ብብቱ ሥር አንድ የተሰበረ ነገር አይጠፋም። "ይቺን እስቲ እይያት፣ ታማለች" ይልና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ስትፈታው ግን ኮሪደሩ ጥግ ቆሞ ያያታል፤ ውሃው ሳይዘጋ እየፈሰሰ። "ጎበዝ" ሲላት ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። እሱ ያደገበት ቤት ልጅን ፊት ለፊቱ ማመስገን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር። ዓይን ይገባበታል፤ ልቡ ያብጣል፤ ያበጠውን ደግሞ እግዚአብሔር ያስተነፍሰዋል። ሶ፣ አባዬ የወደደውን ሁሉ ያጣጥል ነበር። በጣም የወደደውን በጣም።

እኔስ? እኔ አፍ ነበርኩ። ለግቢው ሐበሻ በሙሉ ሐኪም ቤትም፣ አፓርትመንቱ ቢሮም እየሄድኩ አስተረጉም ነበር። የሰውን ንግግር እንዳለ ማስተላለፍ ያንገሸግሸኛል፤ ጨው በርበሬ ጣል አደርግበታለሁ። አንዷን ጎረቤታችንን ጉንፋን ይዟት ወስጃት፣ ከትርጉሜ የተነሣ ለቀብሯ ምንም አልቀራትም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወላጅ ወደ እህቴ ትምህርት ቤት ተጠራ። እማዬ የአዛውንቶች መንከባከቢያ ፈረቃ ላይ ስለነበረች አባዬ፣ እህቴና እኔ ሄድን። አባዬ የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ክፍሉ የእርሳስ ፍቅፋቂና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ ፀሐይ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ወለሉን ሸንተረር አድርጋዋለች። በእነዚያ የልጆች ወንበሮች ላይ አባዬ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ ነበር። የአስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ የክፍሉ ቴፕ አለ፤ ለወራት ድዳ ሆኖ ከርሞ እህቴ በምሳ ሰዓት ያስለፈለፈችው።

"እንደ እርስዎ ልጅ ያለ አላጋጠመኝም" አለች አስተማሪዋ። "ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የተለየ ክፍል አለን። እዚያ እንድትገባ እፈልጋለሁ።" አንድ ወረቀት ከፎልደር አውጥታ ወደ አባዬ ገፋ አደረገችው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች።

ያንን በትክክል ተረጎምኩለት። የአባዬ ፊት በራ። ከዚያ በሥርዓት እንዳደገ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ኧረ በስማም! ተይ በያት ልጄ። ይቺ ምን ታውቅና! ዝም ብላ ነው የምትነካካው። ከሰው በታች ናት። ሁሉንም እሱ ያውቃል በያት።"

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? ያ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ የደረሰ ሰው ንግግር ነው። አስተማሪዋ ሐበሻ ብትሆን "ኧረ እንዲህ አይበሉ!" ትለዋለች፣ እሱ "የለም፣ የለም" ይላታል፣ ሦስቴ ከተገፋፉ በኋላ ይፈርማል። ደንቡ እንደዚያ ነው።

እኔም ገብቶኝ ነበር። ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ገብቶኝ ነበር።

ግን አባዬ በእኔ ምክንያት አራት ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ያውቃል፤ አራቱንም ጊዜ በአፌ ጦስ። ፊቱ እሷን እያየ እንደበራው ለእኔ በርቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ቀልድ መጣልኝ። ቀልድ ሲመጣልኝ ደግሞ እንደ ማስነጠስ ነው፣ አልይዘውም። የአባዬን ድምፅ አስመስዬ፣ እጄን እንደሱ ደረቴ ላይ አድርጌ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ "ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም ይላል። ሥራዋ ዕቃ መሰባበር ነው። ከሌላው ሰው ታንሳለች፤ ይሄን እግዚአብሔር ራሱ ያውቃል ይላል።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"እንደዚህ ነው ያለው?"

"የስ ማም።"

አባዬ አንዱም ሳይገባው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። "የስ፣ የስ። ታንክ ዩ።"

የእህቴ እግሮች ቆሙ።

አስተማሪዋ ወረቀቱን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። "ቤተሰቡ ካልፈለገ ላስገድድ አልችልም" አለች። ያንን አልተረጎምኩም። አባዬ "ምን አለች?" ሲለኝ "ደብዳቤ እልካለሁ ነው የምትለው" አልኩት። እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ አለላት። ወደ ቤት እየነዳ ያፏጭ ነበር።

ሁለት ወር ያህል የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ ከፈተው። ከዚያ አንድ ቀን "እኛን መቼም አይወስዱንም" አለና ነገሩን ዳግም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም። ሁሉን ነገር ሳወራ የምውል ልጅ ያቺን አንዲት ነገር ዋጥኳት።

እህቴ መፍታት አቆመች። ማንም አልከለከላትም። አባዬ "ይቺን እስቲ እይያት" እያለ ያመጣቸው ነገሮች በረንዳው ላይ ተቆልለው ዝናብ መታቸው። ጎረቤት ቪሲአሩን አቅፎ ሲመጣ "እኔ አላውቅም" ትላለች። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ፎቶ ሲነሱ ከሰው ጀርባ ትገባለች። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች "እንዴት ያለች ትሑት! የእኔዋ ምነው እሷን ባረጋት" እያሉ ያደንቋት ነበር። ልጅቷ ከሰጠመችበት እንዳትወጣ ያጨበጨብንላት ይመስለኛል አሁን ሳስበው።

ዓመት አልፎ አንድ እሑድ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ ስላልነበራት የምንገለገለው በኪራይ አዳራሽ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ስብከት ሊጀምሩ ሲሉ ማይክራፎኑ ጩኸት አወጣና ሞተ። ወጣቶቹ ሽቦ ነቀሉ፣ ሰኩ፣ መቱት፣ ነፉበት። ምንም። ያኔ አባዬ ከወንዶቹ በኩል ብድግ አለ። ነጠላውን አስተካክሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት "ልጄ ትሠራዋለች" አለ። "ይሄ ለሷ ምንም ማለት አይደለም።"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እህቴን አየ።

"አልችልም አባዬ።"

"ተይ እንጂ! ነይ ሚጣዬ።"

"እኔ ከሰው በታች ነኝ።"

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ስሟን የተጠየቀች ያህል ነው የተናገረችው። አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠችላት። አባዬ ግን ክው አለ።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"አንተ።"

የንስሐ አባታችን ማይክራፎኑን ትተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። "ስሚኝ ልጄ" አሏት። "ትሑት ማለት የተሰጠውን የሚያውቅ ነው፤ ማን እንደሰጠውም አይረሳም። የተሰጠውን 'የለኝም' ብሎ የሚቀብር ግን ትሑት አይባልም። አንቺን እግዚአብሔር በራሱ አርአያ ነው የሠራሽ። የእጁን ሥራ አታዋርጂበት።" ከዚያ ቀና ብለው አባዬን አዩት። "አንተም 'ተመስገን' ስትል ልጅቷ ትስማህ። በልብህ ብቻ አትበለው።"

"እሺ አባ" አለች እህቴ። ግን አልተነሳችም። ያን ቀን ስብከቱ ያለ ማይክራፎን ተሰበከ።

እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ የወለሉን ንጣፍ ስቆጥር ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ዝም በይ ስባል ኖሬ፣ ዝም ያልኩት መናገር በነበረብኝ ቀን ነው።

በሳምንቱ አባዬ ወጥ ቤት ጠርቶኝ በሩን ዘጋና "ፈረንጆቹ ልጃቸውን ምን ብለው ነው የሚያመሰግኑት?" አለኝ። በአማርኛ ሞክሮ "እኮራብሻለሁ" ላይ ሲደርስ ምላሱ እምቢ አለው፤ ኩራት ኃጢአት ነው እየተባለ ላደገ ሰው ከባድ ነው። እንግሊዝኛውን አስጠናሁት። "አይ አም ፕራውድ ኦፍ ዩ።" ሸትሉን እየነዳ ሲለማመደው አንድ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ከኋላ "ታንክ ዩ ሰር" ብሎታል። ይሄን እንኳ አልጨመርኩም፣ ራሱ ነው የነገረኝ።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ቦርሳዋን ስትይዝ ፊቷ ቆሞ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ያጠናውን አላት። አንዱንም ቃል አልሳተም።

"ታንክ ዩ አባዬ" አለችው፤ በር ለያዘለት ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ደረጃውን ወርዳ ስትሄድ እሱ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ቆመ። ያኔም አልተናገርኩም።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና "ለእኔ ነገርሽኝ፣ ጥሩ። ለእሷስ?" አሉኝ። "እነግራታለሁ አባ" አልኩ። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ሄደ። የዳላስ ትራፊክ እንኳ እንደዚያ አያዘገይም።

አባዬ ዐረፈ። የሰባት ዓመት መታሰቢያው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እህቴን ወደ ቤቷ እያደረስኳት ነበር። አሁን ፍሪስኮ አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በመንገድ ላይ፣ እሷ ያገኘችውን መፍትሔ አለቃዋ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ እንዳቀረበው ነገረችኝ፤ የአየር ሁኔታ እንደሚነገር። "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት። "ማን እኔን ይሰማኛል" አለች።

ቀይ መብራት ያዘን። ያኔ ነው የነገርኳት። የአስተማሪዋን ወረቀት፣ የጨመርኩትን፣ ያስቀረሁትን፣ ደብዳቤውን። እንደ ሌላ ጊዜ አላሳመርኩትም።

"እንደጨመርሽበት ያን ጊዜም ገብቶኛል" አለች መስታወቱን እያየች። "የአባዬንም ሰምቻለሁ። አባዬማ እንደዚያ ነው የሚያወራው፤ ስለ መኪናው፣ ስለ እማዬ። እሱን አላመንኩትም።"

"እና?"

"አንቺን ነው ያመንኩት፣ እቴቴ። አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቂያለሽ። ሁለቱንም የምታውቀው እህቴ እንዲህ ካለች እውነት ነው አልኩ።"

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን 'አንተ' ያልሽው?"

"ይመታሻል ብዬ ፈራሁ።"

አስራ አንድ ዓመቷ ነበር ያኔ። እኔን ለማዳን አባዬን ከሰሰችው፤ እሱም ክሱን ይዞት ተቀበረ። እኔ፣ ድንጋይ የማስለፈልፈው ሴት፣ "ይቅር በይኝ" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

"ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ እኮ" አለች። "ይቅር ማለቱ አልከበደኝም። ማመኑን ነው መተው ያቃተኝ።"

እጇን ከጭኗ ላይ አንሥቼ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ ነፉብን፣ አንዱ ዞሮን እየተሳደበ አለፈ። አልለቀቅኳትም።