ገንዘቤ የየትኛው ድንኳን ናት?

ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ውስጥ የሀበሻ ድግስ በልቶ የገንዘቤን ወጥ ያልቀመሰ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! የለም። ሰርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ተዝካር ቢሆን፣ ኒካህ ቢሆን፣ ጓሮ ዞር ብላችሁ ብታዩ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ቁመቷን የሚያክል ማማሰያ ይዛ የምትሟገተው እሷ ነበረች። ከማን ጋር? ከድስቱ ጋር ነዋ! ሲንተከተክባት "ቀስ በል አንተ፣ ማን ያባርርሃል?" ትለዋለች።

የአገር ቤቱን ደንብ እዚህም ይዘነው መጥተናል። የክርስቲያን ድግስ ከሆነ ትልቁ ድንኳን የክርስቲያን፣ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ የሙስሊም እንግዶች ናት። የሙስሊም ሰርግ ከሆነ ደግሞ ግልባጩ። እርዱ ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ቢላው ለየብቻ። ገንዘቤ የሁለቱንም ትሠራ ነበር። የአንዱን ድስት ጆሮ በቀይ ጨርቅ አስራ ትለየዋለች እንጂ አንድ ቀን አምታታ አታውቅም። ስታማስል "ቢስሚላህ" ትላለች፣ ስትቀምስ "በስመ አብ" ትላለች። ትልቁም ድንኳን ትንሹም ድንኳን የየራሱን ሰምቶ ደስ ብሎት ይበላል። እኔ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ሁለቱንም እሰማለሁ። የሐይቅ ልጅ ናት፣ ወሎ እንዲህ ነው፣ ብዬ አልፋለሁ። ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስሟም አያሳብቅ፤ ገንዘቤ የሁሉም ስም ነው።

ያ ድስት ቀልድ አልነበረም። ልጇ ሄቨን ዋንዴገያ ሆስቴል ይዛ ነርስነት ትማራለች፤ የትምህርት ቤቱም የሆስቴሉም ክፍያ የሚወጣው ከዚያው ከድግስ ነው።

ከዚያ አገር ቤት ያ የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ መጣ። ስልካችን የእሳት ፎቶ ብቻ ሆነ። እንዲያውም አንዱን ፎቶ፣ ያንኑ አንዱን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ላኩልኝ። አንደኛዋ ክርስቲያን ናት፣ "ያደረጉንን እዪ" ትላለች። ሁለተኛው ሙስሊም ነው፣ "ያደረጉንን እዪ" ይላል። የተቃጠለው ቤት የማን ነው? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብቻ ከዚያ ወዲያ በርበሬ እንኳ የሚገዛው ከየወገን ሱቅ ሆነ። የገረመኝ ግን፣ አዘቦት ቀን ሁላችንም ስጋ የምንገዛው ከአንድ ኡጋንዳዊ ሉካንዳ ነው። ባለቤቱ ቢላውን አንስቶ "አላሁ አክበር" እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ያን እንበላለን። ድግስ ሲመጣ ነው እርዱ ትዝ የሚለን። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ!

ወይዘሮ ዳግማዊት፣ የትልቁ ሬስቶራንት ባለቤት፣ ልጇን ኤዶምን ልትድር ሆነ። ድሮ ለገንዘቤ ቀብዱን በእጇ ነበር የምትሰጣት። ያን ቀን ስለተጣደፈች በሞባይል መኒ ላከች። ሞባይል መኒ ደግሞ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ሙሉ ስም ያወጣል። አወጣ። ገንዘቤ ጣሂር።

ወዲያው ደወለች። ገንዘቤ እኔ ቤት ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁት።

"ጣሂር ማነው?"

"አባቴ ነው፣ እትዬ።"

"አባትሽ?"

"አዎ። ምነው፣ ታመመ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ምን አውቄ! እና አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"አንቺ ምንድን ነሽ ነው የምልሽ!"

ገንዘቤ ጎመኑን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

"እኔ... ገንዘቤ ነኝ" አለች።

"እሱንማ አውቃለሁ። እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ ጊዜው ክፉ ነው፣ ሰው ይጠይቀኛል። ወጡን ሌላ ሰው ይሥራው። አንቺ ሽንኩርቱን ትልጪያለሽ። ስጋውን ግን እንዳትነኪ፣ እሺ የኔ እናት?"

የሽንኩርት ላጭና የወጥ ሠሪ ክፍያ እኩል አይደለም፤ ግማሹንም አይሞላ። ገንዘቤ ግን መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ክፍያው አይደለም። "እታለም፣ ሽንኩርት ሃይማኖት የለውም ማለት ነው?" አለችኝ። ሳቅን።

ወሬ ቦዳ ሞተር ሳይሳፈር ኪሱጉ ሰፈር ደረሰ። እዚያ ዛሂዳ አለች፤ የሙስሊሙን ወገን ድግስ የምትመራ፣ ልጇን ሙሀነድን በቅርቡ ልትድር የተዘጋጀች። ገንዘቤ ደስ ብሏት "እዚያስ አባቴ ያስገባኛል" ብላ ሄደች። እኔም አብሬ ሄድኩ።

"የጣሂር ልጅ መሆንሽን ሰማሁ፣ ማሻአላህ" አለች ዛሂዳ። "ታዲያ ነሐሴ ላይ ፍልሰታን የምትጾሚው ምን ሆነሽ ነው?"

"እናቴ ስለምትጾም።"

"እናትሽ አገር ቤት አይደለችም?"

"አገር ቤት ናት።"

"እና ማን ያይሻል?"

ዛሂዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ አቅፋ ሳመቻት። "አንዱን ያዢ፣ እህቴ። ያን ቀን ድስቱ ያንቺ ነው። እስከዚያው ግን ሰላጣውን ትከትፊያለሽ።"

ማታ እኔው ቤት ሆና ለአባቷ ደወለች። እንዲህ ሆነ፣ እንዲያ ሆነ ብላ ነገረችው። ጣሂር ሳል አደረገውና መለሰ።

"እናትሽ ስትጾም እኔ ወተት አልጠጣም ነበር። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሱሁሬን የምታሞቀው እሷ ነበረች። አሁን ምን በይ ነው የሚሉሽ?"

"የማን ነሽ ነው የሚሉኝ፣ አባዬ።"

"የእኔና የእናትሽ የዓለምሸት ነሻ! ይሄ ይጠየቃል?"

"እሱ መልስ አይሆንም እዚህ።"

"እንግዲያውስ እኔ ሌላ አላውቅም" አለ፤ ድምፁም ግራ የተጋባ ነበር። እናቷን ላቅርብልሽ ብሎ ሲሄድ መስመሩ ተቋረጠ።

የኤዶም ሰርግ ቀን ሽንኩርቷን ላጠች። ሁለት ወጥ ሠሪዎች መጥተዋል፣ ለየድንኳኑ አንዳንድ፤ እነሱ ደግሞ ጎን ለጎን ቆመው አይነጋገሩም። ምሳ ሲቀርብ ገንዘቤ እጇን ታጥባ መሀል ሜዳው ላይ ቆመች። ትልቁ ድንኳን ልግባ ብትል ያዩዋታል፤ ትንሿ ልግባ ብትል ያዩዋታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቶ ያበላ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር አጣ። በመጨረሻ ከድንኳኖቹ ጀርባ ዞራ ድንኳን አከራዮቹ ኡጋንዳውያን ዘንድ ሄደች። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ እየበሉ ነበር፤ ጠጋ አሉላት።

አለቃቸው ማማ ናካቶ የምትባል ሴት ናት። ድንኳን ብቻ አይደለም፣ በየሰርጉ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝና ሩዝም ታቀርባለች። ገንዘቤ አላስችል ሲላት ባቄላውን ቀመሰችና "ጨው አንሶታል" አለቻት። ማማ ናካቶ ሳቀች፣ በሳምንቱም ጠራቻት። ትልቅ ድስት ሰጠቻት! ክፍያው እንደ ድሮው አይሆንም፤ የሆስቴሉን ብቻ ይሸፍናል፣ የቀረውን ሄቨን ማታ ማታ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራች ትሞላለች።

"እዚህ ማንም አይጠይቀኝም፣ እታለም" ብላ በደስታ ደወለችልኝ። በነጋታው ደግሞ ደወለች።

"ጠየቁኝ።"

"ምን ብለው?"

"የሩባጋ ነሽ፣ የናሚሬምቤ ነሽ፣ ወይስ የኪቡሊ?"

ለካ የካምፓላ ኮረብታም ተከፋፍሎ አልቋል! ሩባጋ የካቶሊክ፣ ናሚሬምቤ የፕሮቴስታንት፣ ኪቡሊ የሙስሊም። እኔ በቃ፣ ከዚህም ተባረረች አልኩ። ለካ ማማ ናካቶ የፈለገችው የእረፍት ቀኗን ማወቅ ነው። የኪቡሊ ሰው አርብ ያርፋል፣ የሌሎቹ እሁድ፤ ሁለቱንም ቀን ማረፍ አይቻልም፣ አንዱን ምረጪ።

"እና ምን አልሽ?"

"ማክሰኞ።"

"ማክሰኞ? ማክሰኞ የማን ነው?"

"እኔም አላውቅ" አለችኝ። ከኋላዋ ሴቶቹ ሲስቁ ይሰማል። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ቤት ትመጣለች፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ ትተኛለች፤ እኔም ቀስቅሼ የማን እንደሆነች ልጠይቃት እልና ምን ብዬ እንደምጠይቃት ይጠፋኛል።