ሳቂታዋ ነፍሰ ጡር

በካምፓላው ሆስፒታል የእርጉዞችን ጭንቀት የሚያጠኑት ሰዎች ክፍል ገብታ ትስቃለች፤ ያያት ሁሉ ሠርግ የተጠራች ይላታል። መልሱን የሚሰጡላት ግን አማቷ ናቸው።

«እንቅልፍሽስ?» አለቻት ነርስ ናኪቡካ።

«እንደ ጉማሬ ነው የምትተኛው» አሉ አማትየዋ።

«ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ጎድሏት፣ ልጄ?»

እርጉዟም ሳቀች። ጣቶቿ ግን የቢጫ ጎሜሲ ቀሚሷን መቀነት ክር በክር ይተረትሩታል። በገርባባው በር አጮልቀን የምናይ ወረፋ ጠባቂዎች ሐሜታችንን ዋጥ አደረግን።

ነርሷ የአማትየዋን እግር አየት አደረገች። «እማማ፣ ያበጠ የደም ሥር የሚያጠኑ ሐኪሞች እዚሁ ጎን አሉ። በነጻ ያዩዎታል።»

ነጻ ሐኪም ማን ይጠላል፤ ወጡ።

ሳቁ ቆመ። «እስካሁን የሰማሽው የእማማን ነው» አለቻት ነርሷን፤ ተነሥታም በሩን በእኛ ላይ ዘጋችው።