ታክሲዋ ኮከብ

ባይሳ ያንን ቱቦ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሮ ግቢው ውስጥ ያቆመው ዕለት የቦሌ ሚካኤል ሰው ክፉኛ ደነገጠ። ጊዜው የግንባታ ነው፤ ሚሌኒየሙ አልፎ ከተማው በሙሉ እየፈረሰ የሚሠራበት። ቀያሾች የሚያቆሙት ባለ ሦስት እግር ነገር የታየበት ሰፈር ወይ መንገድ ይወጣበታል ወይ ይነሳል።

"ባይሳ፣ ልታስለካን ነው?" ብላ ጎረቤቱ ገንዘቤ በአጥር ላይ ጮኸችበት።

"ሰማይ ነው የምለካው፤ ካሳ የሚጠይቅ የለበትም" ብሎ አሳቃት።

ባይሳ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ሆኗል። እሱ ግን ከልጅነቱ ከእርሻው ይልቅ ቀለም ይስበው ነበርና ጋራዥ ገብቶ መኪና ቀቢ ሆነ። አትላስ አካባቢ ወዳለው ጋራዥ የተጋጨ መኪና ሲመጣለት ቀለሙን በዓይኑ መጥኖ፣ ከዚህም ከዚያም ጠብ እያደረገ ይበጠብጣል። በተለይ የታክሲ ሰማያዊ ላይ የሚደርስበት የለም። "ባይሳ የነካውን በር ባለቤቱም አይለየውም" ይሉለታል።

ያንን ቱቦ፣ ቴሌስኮፑን፣ የሰጠው ኣምደሚካኤል ነው፤ ከመቀሌ መጥቶ ከጎኑ ቤት የሠራ የሴራሚክ ነጋዴ። ለልጆቹ ከዱባይ አምጥቶት ነበር፤ ልጆቹ ጨረቃን አንዴ አዩና ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ። "ጋሽ ባይሳ፣ ከእኛ ቤት አቧራ ከሚጠጣ እርስዎ ይዩበት" አለና በአጥር አቀበለው።

ባይሳም ጨረቃን አየ፤ ደስ አለው፤ ያን ያህል ግን አልገረመውም። አንድ ምሽት ነው ጉድ የመጣው። ለባዶ ዓይን ተራ የምትመስል ኮከብ ላይ ሲያነጣጥር ኮከቢቱ ሁለት ሆና ቁጭ አለች፤ ትልቋ ቢጫ፣ አጠገቧ ያለችው ትንሿ ሰማያዊ። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲያደባልቅ የኖረ ሰው፣ ሁለት ቀለም እንዲህ ተጠጋግቶ አንዱ ሌላውን ሳይነካው ሲያይ መቀመጥ አቃተው።

"ደሪቱ! ነይ እስቲ! ሰማይ ላይ አውቶቡስና ታክሲ ቆመዋል!"

ሚስቱ ደሪቱ ሾላ ገበያ የጥልፍ ክር ትሸጣለች፤ ቀለም ለእሷም እንግዳ አይደለም። ጎንበስ ብላ አየች። "እውነትም ታክሲ! አውቶቡሱ አላሳልፍ ብሏት ነው" አለች። የኮከቧ ስም በዚያው ታክሲዋ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ራት ከመቅረቡ በፊት ሁለቱ ግቢ ይወጣሉ። ሌሎች ጥንድ ኮከቦችም አገኙ። በቀለማቸው ይከራከራሉ፤ እሱ በመኪና ስም፣ እሷ በክር ስም። መብራት የጠፋ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር ደስ የሚላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

በአንዱ መስከረም ግን ባይሳ ዓይኑን ደቅኖ ቱቦውን ደጋግሞ አስተካከለ።

"ታክሲዋን ማን ቀባት?"

"ምን ሆነች?"

"አመድማ ሆናለች። ወደ አረንጓዴም ይሄዳል።"

ደሪቱ አየች። "ኧረ ሰማያዊ ናት። እንደ ድሮዋ።"

"የዚህ ሕንጻ አቧራ ነው" አለ፣ በስተምዕራብ እያደገ ያለውን ፎቅና ባውዛውን እየገላመጠ። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ሊወለውል ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። "ይሄም ነጠላ ቢጫ ሆነ እኮ! ያ ሳሙናሽ ዛሬም አያነጣም?"

ደሪቱ ነጠላዋን ከእጁ ነጠቀችው። ነጠላ ቢጫ ሆነ ማለት ከጀመረ ከርሟል፤ ሳሙና ቀይራለች፣ በበረኪናም ዘፍዝፋለች።

በማግስቱ ኣምደሚካኤል ለዳኝነት ተጠራ። "ሰማያዊ ናት ጋሽ ባይሳ።"

"ተወው እስቲ፤ ሴራሚክ ነጋዴ ምን ያውቃል? ለእናንተ ሁሉም ነገር ክሬም ነው!"

"ክሬም ብትሆን ኖሮማ ዋጋዋን እነግርዎት ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። ባይሳ ግን አልሳቀም፤ በዚያው ሳምንት ጋራዥ የሆነውን ለማንም አልተናገረምና። የአንድ ታክሲ በር ቀብቶ፣ ጥላ ውስጥ አይቶ ረክቶ ነበር። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሾፌሩ አንዴ በሩን፣ አንዴ ባይሳን አየ። "ጋሼ፣ ይሄ በር ከሌላ መኪና ተፈትቶ ነው እንዴ የመጣው?" "ሲደርቅ ይመጣል" አለው ባይሳ። እንደማይመጣ ያውቃል። ለባይሳ ዓይኑ ማለት እጁም እንጀራውም ነው፤ ዓይኑ ከከዳው ምኑን ይዞ ነው ጋራዥ የሚገባው?

ያን ዕለት ማታ ደሪቱ የክር ቅርጫቷን ይዛ በረንዳው መብራት ስር ተቀመጠች። ሁለት ክር አወጣች። "እስቲ ለይልኝ።"

"ምኑን ልለይ? ሁለቱም ጥቁር ናቸው።"

"አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አባ ቶሌራ።"

በልጃቸው ስም የምትጠራው ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነው። ድምፅዋ ውስጥ የክርክር ለዛ አልነበረም። ባይሳ ሁለቱን ክሮች ወደ አምፖሉ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። ከዚያ የታክሲውን በር ነገር ነገራት።

"የዓይን ሞራ ነው" አለች። "እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት።"

"ዓይኔን በምላጭ ሊነኩት? ያለችኝንም ብርሃን ቢያጠፉብኝስ? ቀቢ እኮ ነኝ፣ ደሪቱ።"

"አንዱን ብቻ ይገፈፍልህ። ሌላውን ለክርክር አስቀረው።"

ሳይፈልግ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እንቢ ማለት አቃተው።

ኣምደሚካኤል በመኪናው ሐኪም ቤት ወስዶ፣ ሞራው ተገፍፎ ቀኝ ዓይኑ እንደተሸፈነ መለሰው። አቧራ እንዳይነካው ተብሏልና ከቤት ዋለ። ኮከቧ በየምሽቱ ወደ ሕንጻው ታዘነብላለች፤ ሕንጻውም ወደ እሷ ይወጣል። ባይሳ አንድ ዓይኑ እንደተሸፈነ፣ በመስኮት፣ የሁለቱን ሽቅድድም ይከታተል ነበር።

ውጣ በተባለበት ምሽት ኮከቧ ከሕንጻው ጣሪያ ብረቶች ኋላ ለመግባት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ባይሳ ቀኝ ዓይኑን ደቀነ። ደሪቱ ከኋላው ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቆማለች።

"ምን አየህ?"

ባይሳ ማስተካከያውን በጣቱ አዞረ።

"አባ ቶሌራ!"

"መጣች" አለ። "ታክሲዋ መጣች።" ከዚያ ግራውን ደቀነ። "በዚህኛው ሻይ ውስጥ ነው የገባችው።" ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። "አንቺም ተሳስተሻል፤ ከታክሲ ሰማያዊ ትቀጥናለች። ነጭ ጠብ ያስፈልጋታል።"

"በቃ ድኗል!" ብላ ደሪቱ ወደ ኣምደሚካኤል አጥር ጮኸች።

ባይሳ እየሳቀ ዞረ። ዞሮም ባለበት ቀረ። በረንዳው መብራት ስር ሚስቱ የለበሰችው ነጠላ ነጭ ነው፤ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ነጠላው ቢጫ ሆነ። ገለጠው፤ ነጣ።

"ደሪቱ..."

"ወይ?"

"ያ ሳሙና..."

"የቱ ሳሙና?" አለች፤ የቱ እንደሆነ እያወቀች።

"ምንም አልነበረበትም።"

ደሪቱ በበረኪና የተላጡ ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ተንፈራፈረች። እሱ እጇን ከአፏ አውርዶ በአዲሱ ዓይኑ ጣት በጣት ተመለከተው።

ወደ ሥራ በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ያንን ታክሲ አፈላልጎ በሩን ፍቆ መቀባት ነው፤ ሾፌሩም ፀሐይ ላይ አቁሞት የቱ ጋ እንደተቀባ ሲፈልግ ቆየ። ኮከቧ ግን ያኔ ከፎቁ ኋላ ገብታለች። ባይሳ ቴሌስኮፑን ሲያጣጥፍ፣ ግራውንም ለማስገፈፍ ቀጠሮ መያዙን ነገራት።

"ክርክሩስ?" አለች ደሪቱ።

"እሱ ያለ ሞራም ይበቃናል" አለና፣ ከገመድ ላይ የደረቁትን ነጠላዎች እያወረደ ማጣጠፍ ጀመረ።