የተቋረጠው ምርቃት

«ምርቃቱን ያቋረጥኩት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት። ቆይ፣ ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ?» ኦርታል በእስራኤል፣ በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አጠገቤ ተቀምጣ ቀኑን ትጠራጠረዋለች። እግሯ አንድ ቦታ አያርፍም። ጎረቤቴ ናት። ልጅ ሳለች ሽማግሌ ሲመርቅ እስኪያበቃ አንገቷን ደፍታ ትቆም ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም።

አሁን ሐዘን የደረሰባቸውን ሰዎች በኮምፒውተር ታማክራለች። ቢሮዋ የቤታቸው ማማድ ነው፤ የሮኬት ሲረን ሲጮኽ ቤተሰቡ የሚሸሸግበት ክፍል። አንዱ አዛውንት ከስክሪኑ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ከለቅሶ ቤት ወጥታ ንፋስ ሳያገኛት ሌላ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ ነው። አለቃዋ ሳጊ «ሰዓቱ ሲሞላ ዝጊ» ይላታል። ሽማግሌ ሳይመርቅ ግን እንዴት ይዘጋበታል? ምርቃቱ ይረዝማል፣ ባለተራው ይጠብቃል፣ ምሳዋ ይቀዘቅዛል።

የዚያን ዕለት አባባ ደርሶ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው የኪርያት ጋት ከተማ አዛውንት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥተው «ምግብም ትቻለሁ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ሌላ ሰው እየጠበቃት ነበር። «አሜን፣ አሜን አባባ፣ በሉ ደህና ዋሉ!» ብላ መሐል ላይ ዘጋችባቸው።

በሳምንቱ በቀጠሯቸው ስክሪኑ ላይ አልገቡም። ስትደውልላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እናቷ እትዬ ትዋበች ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ምርቃት አቋረጥሽ? የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መሰለሽ የምታልፊው?»

«ኢማ፣ ሥራ ነው እኮ!»

«ደህና ነኝ አሉ? አባትሽም ኩላሊቱ መሬት ላይ ሲያንከባልለው ደህና ነኝ ነበር የሚለው።»

ከዚያ ወዲህ ኦርታል እንቅልፍ የላትም። ከሌላ ሰው ጋር እያወራች ዓይኗ የእሳቸውን ስም ይፈልጋል፤ የሰው ለቅሶ እየሰማች «ምን አሉኝ?» ማለት ጀምራለች። ሳጊ ደንበኛ ቤት መሄድ ክልክል ነው ብሎ ማኅበራዊ ሠራተኛ ላከ። ሴትዮዋም በር ላይ «ደህና ነኝ» ተብላ ተመለሰች።

«ታዲያ ዛሬ ወዴት ነው?» አልኳት።

«ኪርያት ጋት። ይቅርታ ልላቸውና ምርቃታቸውን ልቀበል። ከዚያ አብረን እንበላለን። ባይከፍቱልኝ ደጃቸው ላይ እቀመጣለሁ።»

አውቶቡሱ ደረሰ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተሳፈረች። ሳጊ ያውቃል ወይ ልላት አፌን ስከፍት፣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።