ልጅ አለችኝ ያለው ግንበኛ

በመንደራችን ካሉት የድንጋይ ቤቶች ግማሽ ያህሉ የእሱ የእጅ ሥራ ናቸው። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ቱንቢ እንለዋለን። ቱንቢ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል፣ የግንብን መጣመም የሚያጋልጥ ብረት ነው። እሱም እንደዚያው ነበር። አንድ ድንጋይ የጣት ውፍረት ያህል ካፈነገጠ ቀኑን ሙሉ የገነባውን ያፈርሳል። አሠሪዎቹ «ማን ያየዋል?» ሲሉት «እኔ አይቼዋለሁ» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መሥራትም መኖርም ቀላል አይደለም።

እርጅና ሲመጣ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን፣ ሞራው ዓይኑን ወሰደበት። ቤት በሠራላቸው ሰዎች ደጃፍ ለልመና መቆም ሞት መሰለው። ከጓሮ ጎመን በቀር የሚቀምሱት ባጡበት ክረምት ነው የቤተ ክርስቲያናችን የበጎ አድራጎት ማኅበር እሱንና ባለቤቱን ሊመዘግብ የሄደው።

ማኅበሩ ለአረጋውያን በየወሩ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ያድላል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ያለን የአርባ ሰው ቀለብ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ከመቶ በላይ ነው። ስለዚህ «ልጅ ያለው ልጁ ይጡረው» የሚል ደንብ አወጣን።

«አባባ፣ ልጅ አለዎት?» ብላ ጠየቀችው ሰብሳቢዋ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«የት ናት?»

«አላውቅም። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ።»

ባለቤቱ ከምድጃው አጠገብ ብድግ አለች። «እግዜር ያሳያችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ አለች ትባላለች? የለንም ብላችሁ ጻፉልን።»

«አባባ፣ እንግዲህ ካልረዳችዎት...» አለች ሰብሳቢዋ።

«አለመርዳትና አለመኖር አንድ ነው እንዴ?» አለ።

ስለ መኖርና አለመኖር በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ተከራክሬአለሁ። መልሱ የሁለት ሽማግሌዎች ቀለብ ሊሆን እንደሚችል ግን በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም።

ሲሸኘኝ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። «ሲሚንቶ የምታቦካልኝ እሷ ነበረች» አለኝ። «ከወንድ ትበልጥ ነበር። ከተማ ወርጄ ፋብሪካ ልግባ ስትለኝ፣ ይቺን ደፍ ከተሻገርሽ ልጅ የለኝም አልኳት። ተሻገረች። አንድ ጊዜ ብዬው ምን እንዳመጣብኝ አይቻለሁ። ለዱቄት ስል አልደግመውም።»

ቤቴ ገብቼ ከቅጹ ፊት ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «ልጅ» ከሚለው ትይዩ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዚያን ሰዓት ርኅራኄ መስሎኝ ነበር።

ልማዳችን የተረጂዎችን ሁኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ በሕዝብ ፊት ማንበብ ነው፤ ያልተገባው ሰው ቢኖር ጎረቤት እንዲቃወም። አንባቢው እኔ ነኝ። ሲሰማ ዝም ይላል፣ ረሃብ ልብ ያለሰልሳል ብዬ ተማምኜ ነበር። የእሱ ተራ ደርሶ «ልጅ የሌላቸው» ስል ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«አለችኝ» አለ።

ከኋላ አንድ ቀልደኛ «አባባ፣ ዱቄቱን ይዘው ይግቡና ከበሉ በኋላ ልጅቷን ያስታውሷታል» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልተቆጣም፤ እየዳበሰ በሩን ፈልጎ ወጣ። ሰብሳቢዋ እኔን አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝና ስሙን ሰረዘችው።

ባለቤቱ ባዶ ከረጢቷን አጥፋ ብብቷ ውስጥ እንደያዘች አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አንተ የተማርክ ሰው» አለች፣ «ዋሽተህልን ነበር። ዝቅ አድርገህ ብታነበው ምን ነበረበት?»

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ደንቡ ይሻሻል ብዬ ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «ለእሱ በሩን ከከፈትን» አለች፣ «ልጆቹ ከተማ ፎቅ የሠሩለትም በዚያው ይገባል። ያን ጊዜ ጾሟን የምታድረው ማን እንደሆነች አንተም ታውቃለህ።» አውቃለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ዓይነ ስውር አሮጊት ማለቷ ነበር። ደንቡ እንዳለ ጸና።

ከሦስት ወር በኋላ ለዳግም ምዝገባ ሄድን። እኔም ጎረቤትም አቅማችን የፈቀደውን ስናቀብላቸው ቆይተናል፤ ግን የሰው እጅ ይዝላል። ጋሼ ቱንቢ ተኝቶ ነበር። ባለቤቱ ከመክሳቷ የተነሣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልረጋ ብሎ ይንሸራተታል። ውኃ ልትቀዳልን ስትነሣ ግድግዳውን ያዘች፤ እሱም ኮቴዋ መቆሙን ሰምቶ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ልጅ አላችሁ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«የለንም» አለች ባለቤቱ፣ አልጋው ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ነቅቷል። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ጣቶቹ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያዙት፣ ለቀቁት። እኔ በልቤ ተናገር እያልኩ፣ ደግሞ አትናገር እያልኩ ጠበቅሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጻፍ እንጂ» አለችኝ ሰብሳቢዋ። ጻፍኩ። አዳራሹ ውስጥ ሳነበውም የተቃወመ ጎረቤት አልነበረም።

ቀለባቸውን በየወሩ የማደርሰው እኔ ነኝ። ባለቤቱ ትመርቀኛለች፤ ቀሚሷም ልኳ እየሆነ መጥቷል። እሱ ሰላምታዬን በአክብሮት ይመልሳል፣ የተሰጠውንም ይበላል። ስለ ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።