«ትንሽ አሟቸዋል» ተብዬ ስማዳ የወረድኩ ጊዜ

ኀሙስ፣ ደብረ ታቦር፣ ጎሕ ሲቀድ

ከደብረ ታቦር የወጣሁት በእህል መኪና ነው። የደርግ ጊዜ ነው፣ ወሩ ጥር፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አውቶቡስ አልነበረም ወይ ብትሉኝ፣ አልፎ አልፎ ይመጣል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት ልብ አልነበረኝም። ዋዜማውን አንድ የእስቴ ቅቤ ነጋዴ በልብስ ስፌት ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ «በስማዳ በኩል አልፌ ነበር። እናትህ ሰላም ብለውሃል። ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸዋል» ብሎኝ ሄደ። ቅቤውን ሊሸጥ ይቸኩል ነበር፤ ሮጬ ልይዘው ብል ከገበያው ሰው ተቀላቅሎ ጠፋብኝ።

እኛ አገር ያደገ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ የመንገድ ቦርሳውን ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሞት በመልእክተኛ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው «ትንሽ አሟቸዋል» ይባልና ይጠራል፤ ደጅ ሲደርስ ነው ለቀስተኛውን የሚያየው። መርዶ የሚረዳው ቄስና ሽማግሌ ባለበት፣ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። አጎቴ የሞተ ጊዜ አባቴን «ወንድምህን ጥርሱን አሞታል» ብለው ነበር የጠሩት። ሰው በጥርስ ሲሞት ማን አይቷል? አባቴ ግን ገና በቅሎው ሳይጫን እያለቀሰ ነበር።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ደግሞ ፈቃድ ሲጠየቅ ሰው የሚያንገላታ ነበር። ለክርስትና ሁለት ቀን ብለምነው «ጓድ፣ ምርትና ድግስ አታምታታ» ያለኝ ሰው ነው። ያን ምሽት ነገሩን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠና፣ «ትንሽ አሟቸዋል ነው ያሉህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። የይለፍ ወረቀቱን ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ከኪሱም አምስት ብር አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ። ከዚህ ሰው እጅ አምስት ሳንቲም ወጥታ አይቼ አላውቅም። ያቺ አምስት ብር እንዴት እንዳስፈራችኝ አልነግራችሁም።

ኀሙስ፣ ረፋድ፣ ጋሳይ

እስከ ንፋስ መውጫ ጋቢና ስድስት ብር፣ ከላይ ከጆንያው ጋር ሦስት ብር ነበር። እኔ ሦስቱን ከፍዬ ልወጣ ስል ሹፌሩ፣ ጋሽ በላቸው የሚባል ወፍራም ሰው፣ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ና፣ ከእኔ ጋር ግባ» አለኝ። ጋቢና የተቀመጠውን የጤፍ ነጋዴ ወደ ላይ አስወጣው፤ ነጋዴውም ሳይቆጣ ወጣ። ሰው ስድስት ብር ከፍሎ ጆንያ ላይ ሲወጣ ካልተቆጣ፣ እሱም የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር።

የጉና ተራራ በቀኛችን ጉም ለብሷል። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቷል፤ በየአውድማው የቀረ ገለባ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሳይ ላይ ሴቶች ትኩስ ድንች በበርበሬ ይሸጣሉ፣ አራቱ በስሙኒ። ጋሽ በላቸው ገዛልኝ። አልበላ አለኝ።

«ወንድም እህት አለህ?» አለኝ ሹፌሩ።

«አንድ ታናሽ። ምስጋናው ይባላል። በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ነው። ከመስከረም ወዲህ ደብዳቤ የለም።»

«ታዲያ እሱን ማን ይጠራዋል?» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎማ ዋጋ ብቻ ነበር የሚያወራኝ። አሮጌ ጎማ የአንድ በሬ ዋጋ ደርሷል አለ። እኔ የምሰማው ግን ያችን «ማን ይጠራዋል»ን ነበር።

ኬላው ላይ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ወረቀቴን ተቀበለ። የሌላውን መንገደኛ ጆንያ በብረት እየወጋ ሲፈትሽ ያረፈደ ሰው ነው። «ጉዳይህ?» አለኝ። «እናቴን ትንሽ አሟታል ተብዬ።» «እግዜር...» አለና ዞር ብሎ አለቃውን አየ። አብዮተኛ እግዜርን አይጠራማ። ወረቀቴን አጥፎ መለሰልኝና «ሂድ፣ ሂድ ወንድሜ» አለኝ። ቦርሳዬን አልነካም። ምነው በፈተሸኝ ነው ያልኩት።

ኀሙስ፣ ሰባት ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ

ንፋስ መውጫ እንደ ስሙ ነው፤ ነፋሱ ከበር ገብቶ ሻይ ያቀዘቅዛል። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ስኳር የለም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ ለአባወራ ተመዝኖ ነው የሚታደለው። ባለሻይ ቤቷ ከረሜላ ትሰጣለች፣ ከረሜላውን ጉንጭ ውስጥ አድርገህ ሻይውን ታሳልፍበታለህ። ከማዶ ባለው አዳራሽ የኪነት ጓዶች ልምምድ ላይ ነበሩ። አኮርዲዮኑ አንድ ቦታ ሲደርስ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እዚያው ሲደርስ ይሳሳታል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ ሬድዮኑን ከፍ አደረገችው። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ማኘክ አቆምን። በሰሜን በኩል ብዙ ወንበዴ ተደመሰሰ አለ ዜና አንባቢው፣ ድምፁ እንደ ሠርግ ቤት ሞቅ ያለ ነው። ከወገን ስለወደቀው ምንም አላለም። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ «የእኛዎቹንስ አይናገርም?» ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ። በዚያ ቤት ሰሜን ልጅ ያልሰደደ አልነበረም። ሴትዮዋ ዜናው ሲያልቅ ዘጋችው፤ «ዘፈኑ ይቅርብን» አለች።

እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ቀን ስለ ምስጋናው ብዙም አላሰብኩም። ያስጨነቀችኝ እናቴ ናት። አለች ወይስ የለችም? ሌላ ጥያቄ በልቤ አልነበረም። ከጨው ነጋዴዎችና ከአህዮቻቸው ጋር ወደ አርብ ገበያ አቀናሁ፣ ሲመሽ አንድ ገበሬ ቤት የእግዜር እንግዳ ብለን አደርን። ባለቤትየዋ እግሬን ስታጥበኝ «ወዴት ነው?» አለች፤ ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ እግሬን አጥባ አልጨርስ አለች፤ ታሻለች፣ ደግማ ታሻለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ አርብ ገበያ

ገበያው ሞቷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰው ከላይም ከታችም እየጎረፈ ነው። ዶሮ ሦስት ብር፣ ደህና በግ ሠላሳ ብር፣ አቡጀዲ ግን አይቀመስም። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ዓይኔ የሰው ልብስ ላይ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ በተጣፈ ላይ የተጣፈ ለብሷል። ስኳር ከነጠላ ስር ተደብቆ በሦስት እጥፍ ዋጋ ይሸጣል።

ከአንዲት ነጋዴ ፊት ቆምኩ። በአንድ በኩል ቡና፣ በሌላ በኩል ጧፍ ዘርግታለች። ለታመመ ሰው ቡናና ስኳር ይያዛል፤ ለሞተ ጧፍ። የትኛውን ልግዛ? ጧፍ ብገዛ በገዛ እጄ ሟርት ነው። ቡና ብቻ ይዤ ብገባ ደግሞ በለቀስተኛ ፊት ምን ይሉኛል? «ምን ልስጥህ?» አለችኝ ሴትዮዋ። እንጃ አልኳት። «እንጃ የሚባል የለኝም» አለች። ሁለቱንም ገዛሁ፣ ጧፉን ከቦርሳው ስር ቀበርኩት።

እዚያው ከቆዳ ተራ የኔታን አገኘኋቸው። የኔታ የቤተ ልሔም የድጓ መምህር ናቸው። በልጅነቴ እግራቸው ስር ቁጭ ብዬ ድጓው ሲከብደኝ ነው ወደ መርፌው የሸሸሁት። ለተማሪዎቻቸው ብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ሲመርጡ፣ በፀሐይ ገልብጠው ቀዳዳ ሲፈልጉ ደረስኩ። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

«አንድ ቅቤ ነጋዴ። ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸዋል አለኝ።»

የኔታ የያዙትን ቆዳ ለባለቤቱ መለሱ። «ብቻህን አትገባም። እኔም በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ» አሉኝ። የቤተ ልሔም መንገድ በሌላ በኩል እንደሆነ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። በዚህ ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። የኔታ ጉዳይ አለኝ ብለው ዋሹ ማለት፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ልንነሳ ስንል የእናቴን ጎረቤት እትዬ አገሬን ሽንኩርት ተራ አየኋት። ሮጥኩ። የኔታም ተከተሉኝ። እትዬ አገሬ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ጥምጥም የጠመጠሙትን የኔታን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው፣ በደህና መጣህ?»

«እናቴስ?» አልኳት።

«ደህና ናቸው። ደህና ናቸው እኮ» አለችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሽንኩርቷን ሳትሸጥ መልሳ ጫነች፣ «ልቅደም፣ አህያዋ አነክሳብኛለች» ብላ ገና ገበያው ሳይሞቅ ወጣች። አህያዋ አላነከሰችም፤ ስትሮጥ ነው ያየኋት።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ወደ ስማዳ ቁልቁል

ቁልቁለቱን ስንወርድ የኔታ አንዴም ስለ እናቴ አላነሱም። ስለ ጓያው፣ ስለ ሽምብራው፣ ስለ ዘንድሮ ብራና ውድነት ነበር ወሬያችን። ከመሀል መንገድ ሠርገኛ አገኘን። ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ተሸፍናለች፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ከበሮው ሜዳውን ያናውጠዋል። ሲያዩን ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ለካ እኔ ሳላስበው ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን በአንገቴ ዙሪያ እንደ ለቀስተኛ አድርጌው ነበር። የኔታን አየኋቸው። አስተካክል አላሉኝም።

ከጉብታው ላይ ስንደርስ የእናቴ ጎጆ ታየን። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ በአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመዋል፣ አንዷ መሶብ ይዛ ትገባለች። የቀረኝን መንገድ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ ነው የገባሁት።

በሩ ተከፈተ። የወጣችው እናቴ ናት።

ራሷን በሻሽ ሸብ አድርጋ፣ በሁለት እግሯ ቆማ። ልይዛት ስል እሷ ቀደመችኝ። «ልጄን! ምስጋናዬን! የት ጣልከው?» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ግቢው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ከመሀላቸው ደንግጬ ቆሜያለሁ። እናቴ በሕይወት አለች ብዬ ደስ ልሰኝ ነው ወይስ ወንድሜ ሞቷል ብዬ ላልቅስ? እኔም አለቀስኩ። ሁሉም እያለቀሰ ብቻዬን ልቆም አልቻልኩም።

የኔታ መቋሚያቸውን አንስተው፣ «ቆዩ፣ ቆዩ እስኪ። ማነው የሞተው?» አሉ።

እትዬ አገሬ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እናንተ አይደላችሁ የምታውቁት የኔታ? መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁ እናንተ» አለች። «ልጁ ሳይታሰብ ቄስ አስከትሎ ሲመጣ ምን ልበል? ምስጋናው ነው ብዬ ሰው እንዲሰበሰብ ቀድሜ ነገርኩ።»

«እኔማ እናቴን አሟታል ተብዬ ነው» አልኩ።

እናቴ ከመሬት ቀና አለች። «ጉንፋን ነው እኮ» አለች። «ቅቤ ነጋዴውን ሰላም በልልኝ አልኩት። ምነው ድምፅዎ ቢለኝ ትንሽ አሞኛል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?» ከዚያ አንገቴን አየችው። «ይህን ነጠላ ለማን ነው ያዘቀዘቅኸው?»

«ለአንቺ።»

ሳቀች። እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እያለ እስኪያስላት ሳቀች፣ ግቢውም አብሯት ሳቀ፣ የኔታ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሳቁ ሲበርድ ጠጋ ብላ፣ «ታዲያ ምስጋናውስ?» አለችኝ።

«አላውቅም እማዬ። ደብዳቤ የለኝም። እንደ አንቺው ነኝ።»

ዓይኔን ትኩር ብላ አየችው፤ የምደብቀው ነገር እንደሌለ ስታውቅ ለቀቀችኝ። ደህና ነው ብዬ ልምልላት ፈልጌ ነበር፣ ግን አልማልኩም። የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም።

ለለቅሶ የመጣውን እንጀራ መልሶ መውሰድ ደግ አይደለም ተብሎ ተበላ። የኔታ ባርከው ተነሡ። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ስታዘቀዝቅ ሰው አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ፣ ግን ምን ብሎ እንደሚሰናበት ማንም አላወቀም። አንዱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊል ጀመረና ተወው። አንዷ «በይ ደህና እደሪ» ብላ ሮጠች። በመጨረሻ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተመርተው ጎንበስ አሉና፣ ለቅሶ ቤት ሲወጡ እንደለመዱት፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ልጃቸው ደንግጣ ክንዳቸውን ጎተተች።

እናቴ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ «አሜን» አለች።