ሞተሮቹ ዝም ያሉ ዕለት

ነገሩ የደረሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም በቅጡ ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳን የነገርኳት ግማሹን፣ እኔን ጥሩ ሰው የሚያስመስለኝን ብቻ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ሌላው ግማሽ እንቅልፍ ይነሳኛል። ዛሬ ሁሉንም ልጽፈው ነው።

የምኖረው አዳማ ነው፤ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ማስታወቂያ እሠራለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከተሞችን የሚያስተዋውቁ አጫጭር ፊልሞች ላይ ድምፅ እይዛለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች አስቸጋሪ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ዝንብ ካለፈች አስደግማለሁ።

ያን ሰሞን ከካሜራ ባለሙያው ጓደኛዬ ከሰለሞን ጋር የተላክነው ከመቂ ወጣ ብላ ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠቅስም፤ የበደልኳት ይበቃታል። ከተማዋ ሩብ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ታልቃለች። አንድ የጠጠር መንገድ አላት፤ በግራና በቀኝ ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ የሚጭኑ አይሱዙዎች ይቆማሉ፣ ደላሎች ይጯጯሃሉ። ምሳ ቤቶቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጋ ያለው ሽሮ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ አለ።

ያሠሩን ሰዎች የፈለጉት የከተማዋን ልማት ነበር፤ ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ የአትክልት ምርቱን። ወንዙን በአንድ ምስል አሳልፉት ነበር ያሉን። ወንዙ ውስጥ ካልቀረጽን ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ቦታው ደስ አለኝ። አሸዋው ሰፊ፣ ነጭ፣ ውሃው ደግሞ በአንድ ጥግ ቀጥኖ የሚሄድ ነው። የከተማዋን ታሪክ የሚነግሩን ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። አሸዋው ላይ የቲማቲም ሳጥን ደፍተን አስቀመጥናቸው።

ችግሩ የውሃ ሞተሮቹ ነበሩ። ገበሬዎቹ በወንዙ ዳር ተርታ ሞተር አስቀምጠው ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ። ወደ ላይም ወደ ታችም ዱድዱድዱድ ነው። ሄድፎኔን ባደረግሁ ቁጥር የሽማግሌው ድምፅ ይዋጥብኛል። በጣም ወደሚቀርበን ሞተር ሄድኩ። ባለቤቱ ገመቹ ይባላል፤ በዕድሜ የኔ እኩያ ነው።

"ወንድም፣ ይቺን ለአምስት ደቂቃ አጥፋልን" አልኩት።

"ችግር የለም፤ መጀመሪያ ግን ለታችኛው ሰው ልንገር።"

"አምስት ደቂቃ እኮ ነው። ፀሐይዋ እየሄደችብን ነው፤ በኋላ ትነግረዋለህ።"

ዞር ብሎ ኦቦ ቱሉን አየ። እሳቸው ሰለሞን የሚያሳያቸውን ምስል እያዩ ስለነበር አልሰሙንም። ገመቹ ትንሽ አመነታ። "እሺ፣ እንግዳ ናችሁ" ብሎ አጠፋው።

የላይኞቹ ሞተሮች ከሩቅ ቢሰሙም፣ ያን የመሰለ ንጹሕ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይዤ አላውቅም። የሽማግሌው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ስለ መጀመሪያዎቹ ቤቶች፣ ስለ ድሮው ገበያ እየነገሩን ድንገት አቋረጡና ጆሮአቸውን ወደ ታች አዞሩ፤ የታችኞቹም ሞተሮች ዝም ብለው ነበር።

"የገመቹን ሞተር ማነው ያስጠፋው?" አሉ።

እኔ ነኝ አልኩ፤ በኩራት ጭምር። ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲሉት ገመቹ ወደ ታች ሮጠ። ከዚያ ለኔ እንደ ተማሪ አስረዱኝ።

"እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የሚዘንበው ጉራጌ ተራራ ላይ ነው። ላይ ያለው ሰው ጎርፉን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ዳር ይጎትታል። ከሱ በታች ያለው ያ ሞተር ዝም ሲል ይሰማና የራሱን ያጠፋል። እንዲህ እያለ ዝምታው ከጎርፉ ቀድሞ ይደርሰናል። ለራሱ ጉዳይ የሚያጠፋ ሰው አስቀድሞ ለታችኛው መናገር አለበት። ሳይናገር ያጠፋ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።"

ገመቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያላበው ተመለሰ። የታችኞቹ በሙሉ ሞተራቸውን እየጎተቱ ወጥተው ነበር። እትዬ ሎሚ የሚባሉ ውሃ የሚቀዱ ሴት ሲሮጡ ወድቀው ጉልበታቸው ተልጧል። የፊልም እንግዶች ናቸው ሲላቸው አንዳንዱ ረገመን፣ አንዳንዱ ሳቀ፤ ሞተራቸውንም መልሰው አስነሱ። ኦቦ ቱሉን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ገመቹ የሰዎቹን አሯሯጥ ሲያሳየን ግን እኔም ሳቅሁ። ይህንን ነው ለባለቤቴ ያልነገርኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሥራችንን ጨርሰን ሽቦ እየጠቀለልኩ ነበር። ከላይ በኩል አንድ ድምፅ ጎደለ። ጆሮዬ የለመደው ሥራ ነውና ወዲያው ነቃሁ። ቀጥሎ ሌላ ጎደለ። ቀጥሎ ሌላ።

"የላይኞቹ ነዳጅ ጨረሱ እንዴ?" አልኩት ገመቹን።

ፊቱ ልውጥ አለ። ለራሴ ጉዳይ ነው የማጠፋው ብሎ መልእክት የላከ የላይኛው ሰው አልነበረም። ሞተሩን አጠፋና ሦስት ሆነን እየጎተትን ዳር አወጣነው። ኦቦ ቱሉም ሰለሞንን ተደግፈው ወጡ። ከዚያ የታችኞቹ ዝም እስኪሉ ጠበቅን።

ዝም አላሉም። ዱድዱድዱድ እያሉ ቀጠሉ። ቅድም ያበሳጨኝ ድምፅ አሁን አስፈራኝ። ገመቹ ስልኩን አውጥቶ ደጋግሞ ደወለ፤ ሞተር አጠገብ ቆሞ ስልክ የሚሰማ ግን የለም።

"ያንተ ፊልም መስሏቸዋል" አሉኝ ኦቦ ቱሉ።

ገመቹ በላይኛው መንገድ ወደ ሞተሮቹ እየሮጠ "እትዬ ሎሚ አሸዋው ላይ ናቸው፤ አንተ ወደሳቸው ሂድ" አለኝ። ሄድፎኔ አንገቴ ላይ እንዳለ በዳር ዳሩ ሮጥኩ። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ስደርስ አየኋቸው። አሸዋውን ቆፍረው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው፣ የጠራውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። ጉልበታቸውን በሻሽ አስረዋል።

"እማማ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ይውጡ" አልኳቸው ከላይ።

ቀና ብለው መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ሄድፎኔን አዩ። "ፊልሙ አላለቀም እንዴ?"

"ፊልም አይደለም። እውነተኛ ጎርፍ ነው።"

"ቅድምም ጎርፍ ነው ብዬ ሮጬ ውሃዬም ተደፋ፣ ጉልበቴም ይኸው። ይቺ ስትሞላ እወጣለሁ።" አንድ ጣሳ ጨመሩ።

ወንዙን ወደ ላይ አየሁ። ምንም የለም። ፀሐይ ነው፣ ወፍ ይጮሃል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ፤ የረጠበ አፈር ሸተተኝ። ያ ቀጭን ውሃ ደፍርሶ ደረቅ ሣር እየገፋ መምጣት ጀመረ።

እግሬ ወደ ኋላ ሊሄድ ፈለገ። ዋና አልችልም። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ብቻ ሄድፎኔን ከአንገቴ አውልቄ ጥዬ ፊት ለፊታቸው አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ቅድም ሞተሩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "አሁን ግን እኔ አይደለሁም። እርስዎ ካልተነሱ እኔም አልነሳም።"

"አብደሃል?" አሉኝ። ግን ጣሳውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ገመቹ ደረሰ መሰለኝ፣ ከታች አንዱ ሞተር ዝም አለ። እትዬ ሎሚ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ደግፈኝ።"

ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ዳገቱን ግማሹን ጎትቼ፣ ግማሹን ተሸክሜ አወጣኋቸው። ጫፍ ላይ ደርሰን ስንወድቅ ከኋላችን ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ዞሬ ሳይ አሸዋው የለም። ጉድጓዱ፣ ጀሪካኖቹ፣ ሄድፎኔ የሉም። ግንድና የቲማቲም ሳጥን እያንከባለለ የሚሮጥ ቡናማ ውሃ ብቻ ነበር። ተቀምጠንበት የነበረው ቦታ ላይ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ውሃ ቆሟል።

ሰው አልሞተም። ሁለት ሞተር ተወስዷል። ከተማው ሁሉ ዳር ላይ ተሰበሰበ፤ አንድም ሰው ግን ክፉ አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልንሄድ ስንል እትዬ ሎሚ ጠሩኝ። ይመርቁኛል ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ከእንግዲህ ሞተሩ ዝም ሲል እኔ ምን ብዬ ልመን?"

የሽቦ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ፊልሙ ተሠርቶ አለቀ፤ ተወደደም። ድምፁ እንዴት ጠራ ተብዬ ተመሰገንኩ። ስቱዲዮ ውስጥ ኦቦ ቱሉን ደግሜ ስሰማቸው ግን፣ ከንግግራቸው ጀርባ፣ ከሩቅ፣ የሚሯሯጡ ሰዎች ጩኸት አለ። መሃላቸው አንዲት ሴት አለች። በዚያ ሰዓት ሄድፎኔ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አልሰማሁትም። ለፊልሙ ያንን ቦታ ቆርጬ አወጣሁት። ከኮምፒውተሬ ግን አላጠፋሁትም።

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ለኦቦ ቱሉ እደውላለሁ። ደህና ነን ይሉኛል። ዘንድሮ እትዬ ሎሚ አሁንም ይቀዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ትቀዳለች" አሉኝ።

"ሞተሩ ዝም ሲል ይወጣሉ?"

"ትወጣለች" አሉኝ። "ግን አሁን መጀመሪያ ቀና ብላ ወደ ላይ ታያለች፣ ቆም ብላ ታስባለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሁላችንም ነን። ድሮ ማሰብ አልነበረም፤ መሮጥ ነበር።"

ያችን ቆም የምትለዋን ጊዜ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጎርፉ ደግሞ ቆም አይልም።